የቮልስ ቻርጅ ችግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቮልስ እንዳለኝ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይደውልልኛል። አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከመንገድ ዳር። «ቀይዋ መብራት በራች፣ ምን ላድርግ?» ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የቻርጅ መብራት ማለታቸው ነው። ዘንድሮ አገሩ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ያወራል። እኛ ገና የ1960ዎቹን ቻርጅ አልጨረስንም። ስልክ ላይ ደጋግሜ የመለስኳቸውን እዚህ አስቀምጫቸዋለሁ።

ሁለት ነገር ላስቀድም። የሞዴል ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። ሌላው የቃል ጉዳይ ነው፦ ጋራዥ ውስጥ ቻርጅ የሚያደርግ ዕቃ ሁሉ «ዲናሞ» ይባላል። እኔ እዚህ ዲናሞ ስል የድሮውን፣ ካርቦንና ሬጉላተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ያለውን ማለቴ ነው። ኋላ የመጣውን አልተርኔተር እለዋለሁ። የኔዋ የ1968 ሞዴል ናት፣ 12 ቮልት፣ ባለ ዲናሞ።

እየነዳሁ ቀይዋ መብራት በራች። ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ባትሪው እስኪያልቅ ብነዳትስ?

አይሆንም። ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ። አሁኑኑ።

ሌላ መኪና ላይ ይህች መብራት ስትበራ ባትሪው እስኪደክም ትንሽ መንገድ መሄድ ይቻላል። ቮልስ ግን ውሃ የላትም፣ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ነፋሱን የሚሰጠው ፋን ደግሞ የታሰረው እዚያው ዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። በአንደኛው ጫፍ ቺንጋው (ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) የሚጠመጠምበት ፑሊ፣ በሌላኛው ፋኑ። ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞው ይቆማል፣ ፋኑም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ቀይዋ መብራት «ቻርጅ የለም» ብቻ ሳይሆን «ሞተሩ ሊቃጠል ነው» ማለትም ልትሆን ትችላለች። ሌላ የሚያስጠነቅቅ የሙቀት ጌጅ ደግሞ የላትም።

አንድ ወዳጄ ይህን ሳያውቅ ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ መግቢያ ነዳት። «ሩቅ አይደለም ብዬ ነው» አለኝ። ስደርስ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከሩቅ ይሰማል፣ ቺንጋው ሁለት ቦታ ተበጥሶ ከሥር ወድቋል። የአንድ ምሳ ዋጋ የማያወጣ ጎማ ነው። የሞተሩን ሒሳብ እዚህ አልጽፈውም፣ አሁንም ያመዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የኋላውን ኮፈን ክፈቱና ቺንጋውን እዩ። ከሌለ፣ አዲስ ሳታስገቡ አትንቀሳቀሱ። ቺንጋው ካለና ጠበቅ ካለ፣ ፋኑም አብሮ እየዞረ ከሆነ፣ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። ያኔ ሬዲዮውን፣ የማያስፈልግ መብራቱን ሁሉ አጥፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

መንገድ ላይ ቺንጋ እንዴት ይቀየራል? ምን ያህልስ ይጥበቅ?

የ21 ቁልፍ፣ አንድ ጠንካራ ካቻቢቴና አንድ ትርፍ ቺንጋ ከመኪናዋ አይውጡ። ከትርፍ ጎማ ይልቅ እነዚህን ብትይዙ ይሻላል፤ ጎማ እንኳ የሚያበድር ሰው ይገኛል።

የዲናሞው ፑሊ ሁለት ግማሽ ነው። ከውስጠኛው ግማሽ ጠርዝ ላይ ትንሽ ክፍተት አለች። ካቻቢቴውን እዚያ አስገብታችሁ ከበላይ ካለው የዲናሞው ብሎን ጋር ታስደግፉታላችሁ፤ ፑሊው እንዳይዞር። ከዚያ ዳዶውን በ21 ትፈታላችሁ። የፊተኛው ግማሽ ሲወጣ መሃል ላይ ስስ ሮንደላዎች ታገኛላችሁ። ቺንጋው የሚጠብቀውና የሚላላው በነሱ ነው። ከመሃል ሮንደላ ስትቀንሱ ሁለቱ ግማሾች ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣና ይጠብቃል። ስትጨምሩ ይላላል። የተቀነሰውን ሮንደላ ኪስ ውስጥ አትክተቱ። ከውጭ በኩል፣ ከዳዶው ሥር ይቀመጥ። ያኔ አይጠፋም።

ዳዶውን ስታጠብቁ ሞተሩን በእጅ ትንሽ ትንሽ አዙሩት። አለበለዚያ ቺንጋው በሁለቱ ግማሾች መሃል ተቆንጥጦ ይጎዳል።

ልኩ፦ በሁለቱ ፑሊዎች መሃል በአውራ ጣት ስትጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ገባ ማለት አለበት። «ጠበቅ ቢል ይሻላል» የሚል መካኒክ ያጋጥማችኋል። አይሻልም። በጣም የጠበቀ ቺንጋ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። አዲስ ቺንጋ ደግሞ ይለጠጣልና ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና እዩት።

ቁልፍ ስከፍት ቀይዋ መብራት ጭራሽ አትበራም። ደስ ይበለኝ?

አይበላችሁ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ሲከፈት መብራት አለባት። ምክንያቱን ማወቅ ብዙ ነገር ያቀልላል፣ ትንሽ ታገሡኝ።

የመብራቷ አንድ ጫፍ በቁልፉ በኩል ከባትሪ ጋር ነው። ሌላው ጫፍ በሬጉላተሩ በኩል ከዲናሞው ጋር ነው። ዲናሞው ሲቆም ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ይነሳና በመብራቷ አልፎ በዲናሞው ካርቦኖች በኩል ወደ ቦዲ ይወርዳል፤ ትበራለች። ዲናሞው ማመንጨት ሲጀምር ሁለቱም ጫፎች እኩል ቮልት ይሆናል። የሚሄድ ነገር የለም፤ ትጠፋለች። ይኸው ነው። መብራቷ የምትናገረው በሁለቱ ጫፎች መካከል ልዩነት መኖሩን ብቻ ነው።

ጭራሽ ካልበራች እንግዲህ መንገዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። አምፖሏ ተቃጥላለች፣ ሽቦው ወልቋል፣ ወይም ካርቦኑ አልቆ አልነካ ብሏል። ብዙ ጊዜ አምፖሏ ናት። ዲናሞ ያላት ቮልስ አምፖሏ ቢቃጠልም ቻርጅ ማድረጓን አታቆምም፤ ብረቱ ውስጥ በቀረው ማግኔት ራሷን ታስነሳለች። አልተርኔተር የተገጠመላት ከሆነች ግን የመጀመሪያዋ ማስነሻ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚያች አምፖል ነው። የሳንቲም አምፖል ተቃጥላ አልተርኔተር የቀየረ ሰው አውቃለሁ።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ) ትርገበገባለች፣ ነዳጅ ስረግጥ ትጠፋለች። ልጨነቅ?

ለባለ ዲናሞ ልማዷ ነው። ዲናሞ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚያመነጨው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ማታ መብራት አብርታችሁ፣ መጥረጊያ እየሠራ አንድ ሰዓት ብትቆሙ የምትበሉት ከባትሪው ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች ብቻ 90 ዋት ገደማ ናቸው፤ በ12 ቮልት ከ7 አምፔር በላይ ማለት ነው። ከሚኒሞ ስትነሱ መጥፋቷ ዋናው ነው።

በሙሉ ፍጥነት ስሄድም ፈዘዝ ብላ ትታየኛለች። በተለይ ማታ።

ይህኛው ግን ችግር ነው፣ ግን ርካሽ ችግር ሊሆን ይችላል። ቻርጁ አለ፣ ሆኖም በዲናሞውና በባትሪው መካከል የሆነ ቦታ ቮልት እየጠፋ ነው። የላላ ዳዶ፣ የዛገ መጋጠሚያ፣ የተቃጠለ የሬጉላተር ኮንታክት። ባትሪውን ንቀሉና ከዲናሞ እስከ ሬጉላተር፣ ከሬጉላተር እስከ ባትሪ ያለውን መጋጠሚያ ሁሉ ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት። ከዚያ መልሳችሁ አጥብቁ።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ገዛሁ። ከየት ልጀምር?

ከባትሪው ጀምሩ። መኪናዋ ካደረች በኋላ፣ ሳትነሳ ለኩ። የሞላ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ከ12.2 በታች ከሆነ ግማሹ አልቋል። ከዚያ አስነሱና ነዳጅ ረገጥ አድርጋችሁ እዚያው ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ቻርጁ ደህና ነው፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። እንደቆመው 12 ላይ ከቀረ ቻርጅ የለም። 15ን ካለፈ ሬጉላተሩ ልጓሙን ጥሷል፤ ባትሪውን ያፈላዋል፣ አምፖል ይጨርሳል።

ደካማ ወይም አሮጌ ባትሪ ይዛችሁ ዲናሞ አትመርምሩ። መጀመሪያ ባትሪውን በቻርጀር ሙሉት።

መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቀለና «አልጠፋችም፣ ዲናሞው ይሠራል» አለኝ። ትክክል ነው?

ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ ይዘላል። አልተርኔተር ከሆነ ዳዮዶቹን ሊገድል ይችላል። ዲናሞ ከሆነ አምፖሎቻችሁንና ሬዲዮውን። ቴስተር ይህን ሁሉ ሳይነቅል ይነግራችኋል።

ቻርጅ የለም። ጥፋቱ የዲናሞው ነው ወይስ የሬጉላተሩ?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። እኔም አባክኛለሁ። አንድ ጋራዥ ሬጉላተር አስቀየረኝ። ሳምንት ሳይሞላ መብራቷ ተመለሰች። ሁለተኛ ሬጉላተር ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። አሁንም። በመጨረሻ ራሴ ወንበሩን አንሥቼ ስነካካ ወፍራሙ ሽቦ በጣቴ ዞረ። የላላ መጋጠሚያ ነበር። ሁለቱ ደህና ሬጉላተሮች አሁንም መሳቢያ ውስጥ አሉ።

ለመለየት እንዲህ አድርጉ። ሞተሩን አጥፉ። ዲናሞው ላይ ሁለት ሽቦዎች አሉ። ወፍራሙ ዲ ፕላስ (D+) ነው፣ ቀጭኑ ዲ ኤፍ (DF)። ሁለቱንም ንቀሉና ጫፋቸው ምንም እንዳይነካ በቴፕ ጠቅልሉ። ከዚያ በዲናሞው ላይ ያለውን የዲ ኤፍ እግር በአጭር ሽቦ ከዲናሞው አካል ጋር አገናኙት። የቴስተሩን ቀይ በዲ ፕላስ እግር፣ ጥቁሩን በዲናሞው አካል ላይ አድርጉ። ሞተሩን አስነሱና ቀስ ብላችሁ ፍጥነቱን ጨምሩ። ቮልቱ አብሮ መውጣት አለበት፣ በቀላሉ 12ን ያልፋል። ወዲያው አጥፉ። ሬጉላተር ሳይኖር የሚይዘው ስለሌለ ሽቅብ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆዩት።

ቮልቱ ከወጣ ዲናሞው ነፃ ነው። ጥፋቱ ሬጉላተሩ ላይ ወይም መሃል ባለው ሽቦ ላይ ነው። እዚህ ላይ፣ እባካችሁ፣ ሽቦውን መጀመሪያ እዩ።

ካልወጣ ወደ ካርቦኖቹ ሂዱ። በዲናሞው ጎን ባሉት መስኮቶች ይታያሉ። ካርቦኑ ከያዘው ቤት ጠርዝ በታች ከወረደ አልቋል፤ ስፕሪንጉ ሊገፋው አይችልም። ካርቦኑ የሚነካው መዳብ ቡናማ፣ ቸኮሌት የመሰለ ቀለም ካለው ጤነኛ ነው። ጥቁር፣ የተቃጠለ፣ የተቦረቦረ ከሆነ ዲናሞው ወርዶ በቶርኖ መላጥ አለበት። በዙሪያው የተረጨ የቀለጠ ቆርቆሮ ካያችሁ ዲናሞው ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ውስጡ ቀልጧል። ጥገናው አያዋጣም፣ ሌላ ፈልጉ።

ሬጉላተሩን ከፍታችሁ አትሞርዱት። የከፈተው ሁሉ አስተካከልኩ ይላል፤ የተስተካከለ ግን አላየሁም።

ዲናሞ ቀየርኩ (ወይም መኪናዋ ሁለት ዓመት ቆማ ነበር)። ሁሉም ደህና ነው፣ ቻርጅ ግን የለም።

ብረቱ ውስጥ የሚቀረው ማግኔት ጠፍቶ ወይም ተገልብጦ ይሆናል። ቺንጋውን አውጡና ሽቦዎቹን ንቀሉ። ዲ ኤፍን ከዲናሞው አካል ጋር አገናኝታችሁ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በመጣ ሽቦ ዲ ፕላስን ለአፍታ ንኩ። ዲናሞው እንደ ሞተር መዞር አለበት። በዝግታና ያለ መንቀጥቀጥ ከዞረ ማግኔቱም ተመልሷል፣ ዲናሞውም ጤነኛ ነው። አንድ ሥራ፣ ሁለት መልስ።

ቁልፍ ነቅዬም ቀይዋ መብራት አልጠፋ አለች።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ወዲያው ንቀሉ። የሬጉላተሩ ኮንታክት ተጣብቆ ባትሪው ወደ ኋላ በዲናሞው በኩል እየፈሰሰ ነው። ሽቦው ይግላል፣ ሊያቃጥልም ይችላል። ያኔ በእርግጥ ሬጉላተር ግዙ።

ማታ ደህና ነበረች፣ ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ዝም አለ።

አንድም የሚበላ ነገር አለ፤ ሬዲዮ፣ አላርም፣ በኋላ የተጨመረ ስልክ መሙያ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅላችሁ በገመዱና በባትሪው መሃል ትንሽ አምፖል አገናኙ። ሁሉም ጠፍቶ በሩ ተዘግቶ ከበራች የሚበላ አለ። ፊውዝ በፊውዝ እየነቀላችሁ የምትጠፋበትን ፈልጉ።

አንድም ባትሪው ደህና ሆኖ ገመዱ ነው። ቮልስ ሥር ካምቢዮውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኝ የተገመደ ጠፍጣፋ ሽቦ አለ። ሞተሩና ካምቢዮው ጎማ ላይ ስለተቀመጡ ኔጋቲቩ የሚመለሰው በሱ ነው። ጭቃና ውሃ ይበላዋል፣ ማንም ደግሞ አያየውም። እሱ ሲበጠስ መኪናዋ ኔጋቲቩን በነዳጅ ኬብልና በፍሪሲዮን ኬብል መፈለግ ትጀምራለች። ሞተሪኖው ይንቀራፈፋል፣ ቻርጁም ይዛባል። አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ተኝታችሁ እዩት።

የኔዋ 6 ቮልት ናት ወይስ 12?

የባትሪውን ክዳኖች ቁጠሩ። 3 ከሆኑ 6 ቮልት፣ 6 ከሆኑ 12 ናት፤ እያንዳንዱ ቤት 2 ቮልት ገደማ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከ1967 ሞዴል ጀምሮ 12 ሆነዋል። ለሌላው ገበያ የተሠሩት አንዳንዶቹ ከዚያም በኋላ በ6 ቀጥለዋል። ሰው ቀይሯት ሊሆንም ይችላልና አምፖሎቹ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ።

6 ቮልት ከሆነች የቴስተሩ ቁጥሮች ሁሉ ወደ ግማሽ ይወርዳሉ፦ ቆማ 6.3፣ ስትሞላ 7 ገደማ። ለተመሳሳይ ሥራ ሁለት እጥፍ አምፔር ስለምትስብ ወፍራም ገመድ ትፈልጋለች። ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን የባትሪ ገመድ ካሰራችሁባት ጠዋት ጠዋት ትለምኗታላችሁ። ስታስነሷት ከ12 ቮልት መኪና ባትሪ ለመበደርም አትሞክሩ፤ አምፖሎቿን ትቀብራላችሁ።

ከኋላ ወንበር የጭስ ሽታ መጣብኝ።

ቆሙ፣ ሰው አውርዱ፣ ወንበሩን አንሡ። ባትሪው እዚያ ሥር ነው። የወንበሩ ስፕሪንግ ባትሪው ጭንቅላት ላይ ከነካ ብልጭታ ይፈጥራል፣ የወንበሩ መሙያ ደግሞ እንደ ገለባ ይነዳል። ሦስት ወፍራም ሰዎች ኋላ ሲቀመጡ የሚመጣ አደጋ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ቁመቱ አጭር የሆነ ባትሪ ግዙ፤ የፖዘቲቩን ራስ በጎማ ሸፍኑ፤ ባትሪውን በማሰሪያው እሰሩ። የኔ ላይ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ነው የሸፈነው። አያምርም፣ ይሠራል።

ወደ አልተርኔተር ልቀይራት?

ማታ ብዙ የምትነዱ ከሆነ፣ ወይም ትልቅ ሬዲዮ ካስገባችሁ፣ ቀይሩ። ቮልስዋገን ራሱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ አልተርኔተር ዞሯል። ሚኒሞ ላይም ቻርጅ ያደርጋል፣ ሬጉላተሩም ከውስጡ የሆነ ይገኛል። ስትቀይሩ የድሮውን ሬጉላተር አስወጡና ሽቦውን በትክክል አዙሩ። መኪናዋን እንደተሠራች ማቆየት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ጤነኛ ዲናሞ ይበቃችኋል። እኔ አልቀየርኩም። ምክንያቴ ቀጥሎ ያለው ነው።

ባትሪው ሞቷል። በግፊ ትነሳለች?

ባለ ዲናሞ ከሆነች፣ ባትሪው በጣም ደክሞ እንኳ፣ ብዙ ጊዜ ትነሳለች። ጥሩ ሩጫ ካገኘች ዲናሞው ራሱን ያስነሳና ለሞተሩ ብልጭታ ይሰጣል። አልተርኔተር ግን ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ምንም አይሰጥም፤ ሰፈሩን በከንቱ ታደክማላችሁ።

አገፋፉ፦ ቁልፍ ክፈቱ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ያዙ። የሚገፉት ሰዎች ከኋላ መከላከያው ላይ ይሁኑ፤ ኮፈኑን አይጫኑ፣ ይጎደጉዳል። ሩጫ ስትይዝ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ከተነሳች በኋላ ለማመስገን ብላችሁ ሞተሩን አታጥፉ። በመስኮት አመስግኑ።